ጠሪዋ ድመትና የጭቃው በሬ

ባለፈው ጥር ለሠርግ ኮምቦልቻ ወርጄ ሳለ የስልኬ ቻርጀር ተበላሸብኝና አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሱቅ ትባል እንጂ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። ባንኮኒው ላይ፣ ከሲም ካርዱና ከባትሪ ድንጋዩ መሃል፣ ቢጫ ቀለም የተቀባች የፕላስቲክ ድመት ተቀምጣለች። አንድ እጇን አንስታ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ያለ ዕረፍት ታወዛውዛለች።

“ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” አልኩት ልጁን።

“ገበያ ትጠራለች ነው የሚሉት ጋሼ። ዕቃ የሚያመጣልኝ ልጅ ነው ከአዲስ አበባ የላከልኝ።”

“እና ትጠራለች?”

“ኧረ ወላሂ እኔ አላምንበትም፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው። ግን ሕፃናት ይወዷታል። ሕፃናቱ ሲቆሙ እናቶቻቸው ይቆማሉ፤ እናቶቹ ከቆሙ ደግሞ…” ብሎ ሣቀ።

እኔም ከቻርጀሩ ጋር ያላሰብኩትን የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ ወጣሁ። ድመቷ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር ስናይ “የቻይና ዕቃ” ብለን እናልፋለን። ከቻይና ፋብሪካ መውጣቷስ እውነት ሊሆን ይችላል። ዘሯ ግን ጃፓናዊ ነው። ማኔኪ ኔኮ ይሏታል፤ ጠሪዋ ድመት እንደ ማለት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ጎቶኩጂ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ ድሮ አንድ መኳንንት ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ የቤተ መቅደሱ ድመት በእጇ ጠራችው፣ እሱም ተከትሏት ሲገባ ከመብረቅና ከዝናብ ዳነ ብለው ይተርካሉ። ዛሬ ምእመናኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ የድመት ምስሎች እዚያ ደርድረዋል።

የገረመኝ ግን ታሪኩ አይደለም፤ እጇ ነው። ፈረንጅ ሲያያት “ቻው” የምትል ይመስለዋል። እሱ ሰው ሲጠራ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ በጣቱ ነውና። ጃፓን ግን ሰው የሚጠራው መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ጣቶቹን ወደ ራሱ እየሰበሰበ ነው። እኛስ? ልክ እንደዚያው! የኮምቦልቻ ሕፃን ድመቷን ሲያይ ማንም ሳይነግረው “ና” እንደተባለ የሚገባው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ እዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ሐረጎን እያቃሰተ ሲወጣ ሐሳቤ ከድመቷ ወደ ታላላቅ ዘመዶቿ ሄደ። ከእሷ በፊት ጃፓን ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን እንስሳት ነበሩ፤ እነሱ ግን የፋብሪካ ሳይሆኑ በእጅ የተቀረፁ ናቸው። ኔትሱኬ ይባላሉ። ስለነሱ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን ሐሳቤ ጃፓን አይረጋም፣ ወደ እናቴ ግቢ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኪስ ነው። ኪሞኖ የሚሉት የጃፓን ልብስ ኪስ የለውም። እዚህ ላይ የወሎ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእናቶቻችን ቀሚስስ መቼ ኪስ ነበረው? ሳንቲሙ፣ የሣጥኑ ቁልፍ፣ ለልጅ የተደበቀችው ከረሜላ ሁሉም መቀነት ጫፍ ላይ ነው የሚቋጠረው። እናት መቀነቷን ስትፈታ የአንድ ቤት ልጆች በሙሉ ዓይን እዚያች ቋጠሮ ላይ ነበር። የጃፓን ወንዶችም መቀነት ነበራቸው። የትምባሆ ከረጢታቸውን ወይም የመድኃኒት ሣጥናቸውን በገመድ አንጠልጥለው፣ ገመዱን በመቀነታቸው ሥር አሾልከው ወደ ላይ ያወጡታል። ገመዱ ተመልሶ ሾልኮ እንዳይወርድ ጫፉ ላይ አንድ ማገጃ ነገር ያስፈልጋል። ያ ማገጃ ነው ኔትሱኬ ማለት።

ማገጃ ብቻ ከሆነማ አንድ የእንጨት ቁራጭ ይበቃ ነበር። ግን ጊዜው ነጋዴው የከበረበት፣ የከበረው ነጋዴ ደግሞ በሕግ የታሰረበት ጊዜ ነው። ኤዶ በሚሉት ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ባለው ማለት ነው፣ ነጋዴ በማዕረግ ከጦረኛውም ከገበሬውም በታች ይቆጠር ነበር። ገንዘብ አለህ ተብሎ እንደ መኳንንት መልበስ አይፈቀድልህም፤ ይህን ጨርቅ ተው፣ ያንን ጌጥ አውልቅ የሚል ትእዛዝ በየጊዜው ይወጣል። ስለዚህ ሀብቱ ትንሽ ነገር ውስጥ ገባ። ከሩቅ የማይታይ፣ ቀርቦ ያየው ግን የሚደነግጥለት ነገር ውስጥ። በመዳፍ ውስጥ ተጨብጦ የሚጠፋ አይጥ፣ ጥንቸል፣ ተኝቶ የሚያመሰኳ በሬ፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከጠንካራ እንጨት ወይም ከአጋዘን ቀንድ ተፈልፍሎ ወገብ ላይ ዋለ።

ቀራጩ የታሰረበት ሕግ ከነጋዴው ሕግ የባሰ ነበር። ልብስ እንዳይቀድ የሚወጋ ነገር ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ የአይጡ ጭራ አካሉ ላይ ይጠመጠማል፤ የበሬው ቀንድ ወደ ኋላ ተጋድሞ ጀርባው ላይ ይተኛል፤ የጥንቸሉ ጆሮ ከትከሻው ጋር ይጣበቃል። የገመድ ማለፊያ ሁለት ቀዳዳ የግድ ነው። ወገብ ላይ ስለሚገላበጥ ጀርባ የለውም፤ ሆዱም የእግሩ ሥርም መቀረፅ አለበት። የማይታየውን ክፍል መሥራት! ይህን ሳነብ ቤታችን ያለው ቁም ሣጥን ትዝ አለኝ፤ ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ግድግዳ በኩል ያለው ጀርባው ግን ሳር የቋጠረ ኮምፔንሳቶ ነው። (አናጺው ወዳጄ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልም።) ደግሞ ኔትሱኬ በሰው እጅ ሲታሽ እየለሰለሰ፣ እያበራ ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ መቁጠሪያ የቆጠረ አባት ወይም ሙስባሃ የገፋ ሼህ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያንን ውበት ያውቀዋል። ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።

ለምን እንስሳ በዛ? አንደኛው ምክንያት ዓመታቸው ነው። ጃፓኖች ከቻይና በወረሱት ቆጠራ አሥራ ሁለት ዓመት በአሥራ ሁለት እንስሳ ይዞራል፤ የአይጥ ዓመት፣ የበሬ ዓመት፣ የነብር ዓመት እያለ እስከ አሳማ ይደርሳል። ሰው የተወለደበትን ዓመት እንስሳ ወገቡ ላይ ማድረግ ይወዳል። “ይሄማ የአረማውያን ነው” ብሎ ፊቱን የሚያዞር አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ። እኛስ ዘመናችንን በአራቱ ወንጌላውያን አይደለም እንዴ የምንቆጥረው? ማቴዎስ ገጸ ሰብእ፣ ማርቆስ ገጸ አንበሳ፣ ሉቃስ ገጸ ላሕም፣ ዮሐንስ ገጸ ንስር። የኛም ዓመት እንስሳ አለው፤ በሬውም አንበሳውም ንስሩም በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ አሉ። ወገባችን ላይ አልወረዱም እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት ተረት ነው። አይጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ሲቀመጥ የሀብት አምላካቸው መልእክተኛ ነው። ጥንቸል ጨረቃ ላይ ሆና ሩዝ ትወቅጣለች። በሬና እረኛ አብረው ከተቀረፁ ደግሞ የዜን መነኮሳት ትምህርት አለበት፤ የጠፋው በሬ የራስህ ልብ ነው፣ ፈልገህ ይዘህ መግራት አለብህ ይላሉ። ይህንንስ የኛም ገበሬ ቢሰማው ይስማማበታል።

እኔን ግን ሁሌም የሚያቆሙኝ ቀበሮውና ታኑኪው ናቸው። ታኑኪ የውሻ ዘመድ የሆነ የዱር እንስሳ ነው፤ ተረቱ ላይ ሆዱ የተነፋ ቀልደኛ ነው። ሁለቱም ይለወጣሉ። ቀበሮ ቆንጆ ሴት ሆና ሰው ታገባለች፤ ታኑኪ መነኩሴ ይሆናል፣ አንዳንዴም የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆኖ እሳት ላይ ሲጣድ ጭራው ብቅ ይላል። ሰው ይፈራቸዋል፣ ይሥቅባቸዋልም። ቀራጩም ይህን ፍርሃት ወስዶ አውራ ጣት አሳከለውና ለነጋዴ ሸጠው። ነጋዴው የሚፈራውን ነገር ትምባሆው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ ወጣ።

እኛም የሚለወጥ እንስሳ አለን። ጅብ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ የሰው ጉትቻ ያለበት ጅብ ማየቱን ሳይቀር ጽፏል። እሱ ያየው ምን እንደሆነ እንጃ፤ ወሬው ግን የኛው ነው። ታዲያ ጅብ የሚሆነው ማን ነበር? ብረት ቀጥቃጩ። ሸክላ ሠሪዋ። ጠይቡ። ማረሻ የሚያወጣው፣ ጀበና የምትጠፈጥፈው። እዚህ ላይ ነው ከጃፓን የተለያየነው። እነሱ ቀራጭ የሚለወጠውን እንስሳ ቀረፀላቸው፤ እኛ ቀራጩን ራሱን እንስሳ አደረግነው።

ይህ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሳለሁ ክረምት ክረምት ደሴ ዙሪያ አያቴ አገር እሄድ ነበር። እዚያ እረኛ ሁሉ ቀራጭ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ወንዝ ዳር ወርደን ጭቃ እንቆፍራለን፤ መጀመሪያ ሆዱ፣ ከዚያ አራት እግር፣ ከዚያ ሻኛው። ሻኛውን ያላሳመረ ልጅ “ይሄ በሬ ነው ወይስ አህያ?” ይባላል። ቀንዱ የግራር እሾህ ነው። ከአገዳ ቀንበር እንሠራና ጥንድ አድርገን እንጠምዳቸዋለን፤ የኔዎቹ ቡሬና ቦቃ ነበሩ፣ በአያቴ በሬዎች ስም። ከሰዓት ፀሐይ ሲመታቸው ይሰነጠቃሉ፤ ማታ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጭቃነታቸው ይመለሳሉ። በማግሥቱ እንደገና። ከአንዱ ገጠር እስከ ሌላው ይህን ያልሠራ የገበሬ ልጅ የለም ብዬ ብናገር የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ደሴ ቤታችን ጓሮ ያንኑ ስሠራ እናቴ መጣችና እጄን መታችው። “ምነው ልጄ፣ ጠይብ ልትሆን ነው?” አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ ደንግጣ ነው።

ቤታችን በየሰኞው የምትመጣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከሰኞ ገበያ ስትመለስ ያልተሸጠላትን ይዛ ታንኳኳለች። እናቴ ጀበና፣ ድስት፣ አንዳንዴም ምጣድ ትገዛታለች። ቡናም ታጠጣታለች፤ የምትጠጣበት ሲኒ ግን ለብቻው ነው፤ ከሌላው ጋር አይታጠብም። አንድ ሰኞ ያቺ ሴት ከጀበናዎቿ ጋር የተኮሰቻትን ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ በግ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሸክላ በግ። ጭራዋ ወፍራም፣ እግሮቿ ከሆዷ ሥር የተሰበሰቡ። ከእጄ ሳልለያት ዋልኩ። ሴትየዋ ስትሄድ እናቴ “ዓይን ያለበት ነገር ነው” ብላ ወሰደችብኝና አጥር ማዶ ወረወረቻት። ፈልጌ አላገኘኋትም። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለማኝ ሳታጎርስ የማታሳልፍ ሴት ናት። ለዚህም ነው ነገሩ እስካሁን የሚያሳክከኝ። ኔትሱኬ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ በፎቶ ሳይ፣ እግሮቿን ሆዷ ሥር የሰበሰበች በግ ነበረች፤ ምን እንደተሰማኝ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው ምክንያት እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። እናቴ ያንን ሲኒ ለብቻው የምታስቀምጠው ከአዋጁ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። አዋጅ ጓዳ አይገባም።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ያለው ደግሞ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው። የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ቡዳ የሚለውን ስም ከሁሉ በላይ የተሸከሙትም እነሱ ናቸው። ጎብኝ መምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ከጀበናው ጎን ትናንሽ ምስሎችን ይሠሩ ጀመር፤ አንበሳ፣ ወፍ፣ ሰለሞንና ሳባ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ነገር። ፈረንጁ ይገዛል፤ ጎረቤቱ አይገዛም። ከዚያ 1977 መጣ፣ ቀጥሎም የ1983ቱ ግንቦት፤ በሁለተኛው ጊዜ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺሕ በላይ ሰው በአውሮፕላን ሄደ። የሴቶቹ እጅም አብሮ ሄደ። ወለቃ ላይ ዛሬም ሸክላ አለ፤ ሙያውን የያዙት ግን ሌሎች ናቸው። የድሮዎቹ አንበሶች በውጭ አገር ሙዚየሞች መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። “ትልቅ ቅርሳችን ነበሩ” የምንለው አሁን ነው።

አንድ ደሴ ያለ መምህር ወዳጄ ይህን ሳወራለት አልተቀበለኝም። “የኛ አገር ሰው ትናንሽ ምስል ያልቀረፀው ሠሪ ስለናቀ አይደለም። ኦርቶዶክሱ ሥዕል እንጂ ሐውልት ቤተ ክርስቲያን አያስገባም፤ እስላሙም ነፍስ ያለው ነገር አይቀርፅም። ወሎ ደግሞ ሁለቱም ነው” አለኝ። ከባድ ክርክር ነው። በከፊልም ልክ ነው፤ የሱቁ ልጅ ድመቷን ማስቀመጡን ለመተው የፈለገ ቢመጣና ሃይማኖቱን ቢጠቅስ መልስ የለኝም። ግን የእናቴን ሲኒ ሃይማኖት አላዘዘም። ደግሞ ሃይማኖት የከለከለው የሸክላ በግ ቤት ውስጥ ካልገባ፣ ዛሬ በየሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ የተደረደሩት የፕላስቲክ ዝሆኖችና የፖርሴሊን ዋኖች እንዴት ገቡ? ከማን እጅ እንደወጡ ስለማናውቅ ነው። ሠሪው ካልታወቀ ዓይን የለበትም!

(የዝሆንን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ አበባ የስጦታ ሱቆች ድሮ የዝሆን ጥርስ ጌጥ ይሸጡ ነበር። መጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጥሏል፤ ከክምሩ ውስጥ የተቀረፁ ዕቃዎችም ነበሩበት። ኔትሱኬን ያለ ዝሆን ሞት ማድነቅ አይቻልም፤ እኔ የእንጨቶቹን እመርጣለሁ።)

ለጃፓኖቹም ጊዜ አልቆመላቸውም። ከ1868 እ.ኤ.አ. በኋላ ሱሪና ኮት መጣ፣ ከነኪሱ። ሲጋራም መጣ። ኔትሱኬ በአንድ ትውልድ ሥራ ፈት ሆነና ፈረንጆች እየሰበሰቡ አጋዙት። ያም ሆኖ አልጠፋም። ለምን? ብዙ መልስ ይኖረው ይሆናል፤ እኔ አንዱን አጥብቄ እይዛለሁ። በ1781 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ ኢናባ ጹሪው የሚባል የሰይፍ ጌጣጌጥ ነጋዴ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ ሰይፍ ዕቃ ሆኖ ሳለ ከ50 በላይ የኔትሱኬ ቀራጮችን ስም ዘርዝሮ አስገባበት። አርበኛ አይደሉም፣ ባላባት አይደሉም፤ የመቀነት ማገጃ ሠሪዎች ናቸው። አንድ ነጋዴ ስማቸው መጻፍ አለበት አለ። ብዙዎቹ ቀራጮችም ስማቸውን ሥራቸው ሆድ ላይ ይፈርሙ ነበር፤ ስለዚህ የኪዮቶው ማሳናኦ ውሻ፣ የቶሞታዳ በሬ ተብሎ ዛሬም ይጠራል።

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ (አዎ፣ ሸክላ ሠሪ፤ እዚያ ማዕረግ ነው) ኤድመንድ ደ ቫል በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቤተሰቡን 264 ኔትሱኬዎች ታሪክ ጽፏል። በ1938 ናዚዎች ቪየና ያለውን የቤተሰቡን ቤት ሲዘርፉ፣ አና የምትባል የቤት ሠራተኛ ጥቂት ጥቂቱን በሽርጧ ኪስ እያወጣች ፍራሿ ውስጥ ደበቀቻቸው፣ ከጦርነቱ በኋላም መለሰች። የቀራጮቹ ስም በመጽሐፉ አለ። የባለቤቶቹም ስም ከነአያት ቅድመ አያታቸው አለ። የአና የቤተሰብ ስም ግን የለም። እኔ ያንን መጽሐፍ ሳነብ ከጥንቸሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያቺ ሴት ናት አብራኝ የከረመችው። የኛዋም ሴት ስሟ አይታወቅም። በየሰኞው ስንት ዓመት ደጃችን ስታንኳኳ “ሸክላ ሠሪዋ መጣች” ነበር የምንለው።

ከሠርጉ በኋላ ባለው ሰኞ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። አሉሚኒየሙና ፕላስቲኩ ሰፊውን ቦታ ይዟል፤ ሸክላው ጥግ ላይ ነው። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ጀበናዎቿን ሣር ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። እንስሳ ትሠራ እንደሆነ ጠየቅኋት። በግ፣ ዶሮ፣ ምንም ቢሆን።

“ለልጅ ልጆቼ ነበር የምሠራው ጋሼ። ማን ይገዛዋል?”

“እኔ እገዛለሁ።”

ቀልድ መስሏት ሣቀች። አንድ ጀበና መረጥኩ፤ ገልብጬ ሥሩን አየሁት፣ ለስላሳ ነው። ሒሳቡን ከፍዬ ስሟን ጠየቅኋት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

“ስሜ ደግሞ ለምን ፈለጉት? ለግብር ነው?”

“አይ፣ እንዲሁ ነው እናቴ። የሠራውን ሰው ለማወቅ ያህል።”

ጀበናውን ከእጄ ተቀበለችና በጣቷ አንኳኳችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። መልሳ ሰጠችኝ።

“ስሜ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ጀበናው እንደሆነ አያፈስም።”